ጤነኛው እንግዳ

ፍል ውሃን ያገኘው ንጉሥ አይደለም፤ አህያ ጠባቂ ነው። ኦሪት ዘፍጥረት በ36ኛው ምዕራፍ የዔሳውንና የሴይርን ትውልድ ሲዘረዝር፣ እገሌ እገሌን ወለደ፣ እገሌ አለቃ ሆነ እያለ ስሙን ሁሉ እንደ መቁጠሪያ ያንከባልለዋል። ዓና የሚባል ሰው ላይ ሲደርስ ግን ትንሽ ቆም ይልና፣ ይህ የአባቱን የፅብዖንን አህዮች በምድረ በዳ ሲያግድ ፍል ውሃ ያገኘው ነው ብሎ ያልፋል። ሌሎቹ በአባታቸውና በአለቃነታቸው ሲታወቁ፣ ዓና የታወቀው አህያ ተከትሎ በደረሰበት ቦታ ነው። ማን እንደ ታጠበበት፣ ማን እንደ ተፈወሰበት አልተጻፈም።

የሌሎች ሕዝቦች ተረትም ዞሮ ዞሮ እዚያው ያርፋል። ጃፓኖች የዶጎን ፍል ውሃ ያሳየችን እግሯ የቆሰለ ነጭ ወፍ ናት ይላሉ። ቼኮች ደግሞ በ14ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ቻርልስ 4ኛ ለአደን በወጡበት ጫካ አንድ የአደን ውሻ የፈላ ምንጭ ውስጥ ገብታ ስትጮህ ካርሎቪ ቫሪ ተገኘች ብለው ይተርካሉ። የእንግሊዞቹ ተረት ከሁሉ ይበልጥብኛል። ለምጽ ወጥቶበት ከአባቱ ቤት የተባረረው ልዑል ብላዱድ አሳማ ጠባቂ ሆነ፤ አሳማዎቹም ታመሙ፤ በሞቀ ጭቃ ተንከባለው ገላቸው ሲጠራ አይቶ እሱም ገባና ዳነ፤ ኋላ ነግሦ ባዝ የምትባለውን ከተማ እዚያው ላይ ቆረቆረ። ይህን ሁሉ እንደ ታሪክ የሚወስደው የለም። ተረቶቹ የሚጠብቁት ቅደም ተከተል ግን ከብዙ ዜና መዋዕል ይልቅ የሚታመን ነው፦ መጀመሪያ እንስሳ፣ ቀጥሎ እረኛ፣ ከእረኛው የሰማ ሕመምተኛ፣ በመጨረሻም ባለሥልጣን። በእኛም አገር ኦሮሞው ከብቱን ወደ ሆራ ሲነዳ፣ ውሃው ውስጥ ያለውን ማዕድን የመረመረ ሰው ነግሮት አልነበረም። ላሟ ራሷ ፈልጋው ነው።

ከአራቱ ውስጥ የሚያሳስበኝ ሦስተኛው ነው። እንስሳው ተኝቶ ይነሣል፤ እረኛው መንጋውን ተከትሎ ይሄዳል፤ ባለሥልጣኑ አጥር አጥሮ ይቀመጣል። ሕመምተኛው ግን እዚያ የሚሠራው ሌላ ነገር አለ፤ የፍል ውሃ ታሪክ ሲጻፍ እሱ ሁልጊዜ ይዘለላል።

መጀመሪያ ግን ሩቅነቱ። ፍል ውሃ ሰው በሚመኘው ቦታ አይወጣም። የደጋው ዝናብ በዓለት ስንጥቅ ወደ ታች ይሰርጋል፤ ጥልቅ ውስጥ ከጋለ ዓለት ጋር ይገናኛል፤ ሞቆ፣ ጨውና ጋዝ ጠጥቶ፣ ምድር በተሰበረችበት መስመር ተመልሶ ይወጣል። ዛሬ ትከሻ ላይ የሚፈሰው ውሃ ዝናብ ሆኖ የወረደው ከብዙ ትውልድ በፊት ሊሆን ይችላል። ምድር የተሰበረችው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በቆላው ነው። ስምጥ ሸለቆን ይዞ ከአፋር እስከ ሐይቆቹ ቢወርዱ ምንጮቹ በሰንሰለት ይገኛሉ፦ የአዋሽ ፍል ውሃ በዘንባባው መካከል፣ ሶደሬ፣ የላንጋኖ ዳርቻ፣ ወንዶ ገነት። ከምፅዋ ወደ ውስጥ ሲገቡ አይለት አለ። ከስምጡ ወጣ ብሎ፣ ከጣና በስተ ምሥራቅ በጉማራ ወንዝ አካባቢ፣ ዋንዛዬ አለ።

ለደገኛው ይህ ቀላል መንገድ አልነበረም። ቆላ ለእሱ የንዳድ አገር ነው፤ ሳይመሽበት ሊወጣው የሚፈልገው። ለቁርጥማቱ ሲል ወርዶ ወባ ይዞ መመለስ ያለ ነገር ነበር። እንዲህም ሆኖ ሰዎች ወረዱ፤ በሶና ቆሎ ሰንቀው፣ የማይራመደውን በቃሬዛ ተሸክመው። የደጋው መንግሥት ግብር ለመሰብሰብ በሚቸገርበት አገር፣ የደጋ አሮጊት ጉልበቷን ልታስታምም ሰፈረች።

አሁን ወደ ሕመምተኛው። በአገራችን የታመመ ሰው ብቻውን አይተውም፤ ጥየቃ አለ። ጎረቤቱ፣ ዘመዱ፣ የዕድር ሰው ይመጣል፤ ራስጌው ይቀመጣል፤ «እግዜር ይማርህ» ይላል፤ ታማሚው «አሜን» ይላል፤ ቡና ይጠጣል፤ ጠያቂው ይነሣል። መልካም ልማድ ነው፣ ማንም አያቃልለውም። ግን አንድ ያልተስተካከለ ነገር አለበት። ምርቃቱ የሚሄደው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፤ ከቆመው ወደ ተኛው። የተኛው ሰው በገዛ ቤቱ እንግዳ ይሆናል፤ እንግዳ ደግሞ ጨዋ መሆን አለበት። ጠያቂ ሲመጣ «ዛሬስ ተሽሎኛል» ማለት አለበት። በሽታው ከወር አልፎ ዓመት ከደፈነ፣ በተለይ ቁስሉ የሚታይ ወይም ስሙ የማይጠራ ከሆነ፣ ጥየቃው ይሳሳል፤ ታማሚው ደግሞ የሰው ዓይን ይፈራል።

ፍል ውሃው ዳር ጥየቃ የለም። ሁሉም ታሟል። አዲስ መጪ ገና ጓዙን ሳያወርድ «ምንህን ነው የሚያምህ?» ይባላል። በከተማ ነውር የሚሆነው ጥያቄ እዚያ ሰላምታ ነው። «እግዜር ይማርህ» ያለው ሰው «አንተንም» የሚል መልስ ያገኛል፤ ምርቃቱ ያኔ በሁለቱም በኩል ይሄዳል። ወገቡን የያዘው ሰው እጁ የሰለለውን ያለብሳል፤ እጁ የሰለለው ዓይኑ የደከመውን መንገድ ያሳያል። ለማስታመም ተከትሎ የመጣው ጤነኛ ወንድም ግን ቀኑን የሚገፋበት ያጣል። ወሬው ሁሉ ስለማያውቀው ነገር ነው፤ ሥራው ውሃ መቅዳትና እሳት ማንደድ ነው። እዚያ ሰፈር እንግዳው እሱ ነው።

እኔ የሩቅ ፍል ውሃ ታላቅ ነገሩ ይህ ይመስለኛል። ውሃው ምንም ያድርግ ምን፣ ሩቅነቱ ሕመምተኞች ብዙኃን የሚሆኑበትን ሰፈር ፈጠረ። ቅርብ ቢሆን ኖሮ ሰው ታጥቦ ለምሳ ቤቱ ይገባ ነበር፤ ሩቅ በመሆኑ ይሰፍራል። ሲሰፍር ባለቤት ይሆናል፤ ወግ ያወጣል፣ ተራ ያስከብራል፣ አዲሱን ይመክራል። «አይ ልጄ፣ በመጀመሪያው ቀን አንገትህ ድረስ አትግባ፤ ልብህ ይደክማል። ስትወጣም ጋቢህን ሳትደርብ እንዳትቆም፣ ብርድ ይመታሃል» የምትለው እናት ሐኪም አይደለችም። በመጀመሪያ ዓመቷ እሷንም እንዲሁ የመከራት ሰው ነበር።

ይህን ሰፈር ፈልጎ ያላገኘ ንጉሥ ነበር። ዮሴፈስ የተባለው አይሁዳዊ የታሪክ ጸሐፊ እንደ ተረከው፣ ሄሮድስ ሊሞት ሲቃረብ ከዮርዳኖስ ማዶ ካሊርሆኤ ወደምትባል ፍል ውሃ ወረደ፤ ምንጯ ወደ ሙት ባሕር የሚፈስ፣ ለመጠጥም የሚጥም ነው። ሐኪሞቹም አጅበውት ነበር። ውሃው አልበቃ ብሏቸው ሞቅ ያለ ዘይት በሞላበት ገንዳ ሲያስገቡት ራሱን ስቶ የሞተ መሰለ። በኢያሪኮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4 ዓመት ገደማ ሞተ። ሰው በግፉ ብዛት አልዳነም ይላል፤ እኔ በዚህ አልፈርድም። የሚታየኝ ሌላ ነገር ነው። ሄሮድስ ወደ ምንጩ የወረደው ከነሠራዊቱ፣ ከነሐኪሙ፣ ከነፍርሃቱ ነው። በዙሪያው ያለው ሁሉ ጤነኛ ነበር፤ ሁሉም እስትንፋሱን ይቆጥርበት ነበር። ምድረ በዳ ወርዶም ከጥየቃ አላመለጠም።

ከገሊላ ባሕር በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ በያርሙክ ወንዝ ዳር፣ ሐማት ጋዴር የሚባል ሌላ ፍል ውሃ አለ። ሮማውያን ትልቅ መታጠቢያ ሠርተውበት ነበር፤ በ5ኛው ክፍለ ዘመን የነበረችው ንግሥት ኤውዶቅያ ምንጩን የምታወድስበት ግጥምም በወለሉ እብነ በረድ ላይ ተቀርጾ እስከ ዛሬ አለ። እ.ኤ.አ. በ570 ገደማ ከጣልያን ከተማ ከፒያቼንዛ የመጣ ተሳላሚ ግን ስለ እብነ በረዱ ብዙም አልተጨነቀም። የጻፈው ስለ ለምጻሞቹ ነው። ሲመሽ ለብቻቸው ይገባሉ፤ መብራትና ዕጣን ይዘው ሌሊቱን ውሃው ውስጥ ተቀምጠው ያድራሉ፤ በእንቅልፍና በንቃት መካከል ራእይ ያያሉ። እንጦጦም ሆነ ሌላ ጠበል ያደረ አንባቢ ይህን ሲሰማ አይገርመውም፤ የጠበል ቦታ ሌሊት ምን እንደሚመስል ያውቀዋል። እኔን የሚያቆመኝ የሰዓቱ ነገር ነው። ቀኑ የጤነኞች ነበር፤ ሌሊቱ ብቻ ለለምጻሞች ቀረላቸው። የራቀ ቦታ ቢያገኙ ኖሮ ቀኑንም በወሰዱት ነበር። ቤተ መንግሥት መታጠቢያውን ባሳመረው ቁጥር የሕመምተኛው ሰዓት ይጠባል።

ይህ የሆነበትን ቦታ ሩቅ ሄደን አንፈልገውም። እንጦጦ ብርድ ነው። ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋ ተራራ ላይ የከተመ ቤተ መንግሥት፣ ነፋሱ በድንኳንና በሣር ቤት ውስጥ እያፏጨ፣ መኳንንቱንም ወታደሩንም ቁርጥማት አስያዛቸው። ከታች ሜዳው ላይ እንፋሎቱ ይታያል። ኦሮሞዎቹ ፊንፊኔ የሚሉት፣ ከብታቸውን የሚያሰማሩበት አገር ነው። የንጉሥ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ሰዎች በየጊዜው ወርደው ድንኳን ተክለው ይታጠቡ ጀመር። በ1879 ዓ.ም. ምኒልክ ወደ ሐረር በዘመቱበት ወቅት እቴጌ ጣይቱ እዚያ ሰፍረው ቤት አሠሩ፣ ስፍራውንም አዲስ አበባ አሉት። ትምህርት ቤት የተማርነው ስለ አበባው ነው፤ ስለ ጉልበት ሕመሙ ብዙ አልተነገረንም። እኔ ግን የሚሊዮኖች ከተማ ከመገጣጠሚያ ሕመም መወለዷን ከአበባው ይልቅ እወደዋለሁ።

ቀጥሎ የሆነው ፈጣን ነበር። ቤት ሲሠራ መኳንንት በዙሪያው ቦታ ተመሩ፤ መኳንንት ሲሰፍሩ ጭፍራ ሰፈረ፤ የነበሩት ባለ ከብቶች ከመሬታቸው ተገፉ። እንጨት አልቆ ከተማው ወደ አዲስ ዓለም ሊነቀል ደርሶ ነበር፤ ባሕር ዛፍ ደርሶ አስቀረው። ሩቅ የነበረው ምንጭ የአገር እምብርት ሆነ። ዛሬ ፍል ውሃ መሄድ ማለት ትኬት ቆርጦ፣ ወረፋ ጠብቆ፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ በተሰጠው ሰዓት መታጠብ ነው። ንጹሕ ነው፤ ሥራ ላደከመው ሰውም መልካም ነው። ሰፈሩ ግን የለም። ሰው ገብቶ ይወጣል እንጂ «አንተንም» የሚለው አያገኝም። ደህና አቅም ያለው የአዲስ አበባ ሕመምተኛ ሶደሬና ወንዶ ገነት ይሄዳል፤ እዚያም ንጉሡ ቀድሞታል፤ ማረፊያ ቤት፣ መዋኛ፣ ሠርግ፣ ሙዚቃ። የእረኛ ልጆች ምንጩ ላይ በቆሎና እንቁላል ቀቅለው ለጎብኚ ይሸጣሉ። ሕመምተኛው እንደገና ይርቃል።

አምቦ ላይ የተደረገው ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። ከተማይቱ ሀገረ ሕይወት እስከ መባል የደረሰችው በውሃዋ ነው፤ ውሃው ግን እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ በጠርሙስ እየሆነ ራሱ ተጓዘ። ሕመምተኛው መውረዱ ቀርቶ ምንጩ ወደ እሱ ወጣ። ዛሬ አምቦ ውሃን የሚጠራው ክትፎ ያበዛ ሰው ነው። ማንንም አልነቅፍም፣ እኔም ከዚያው ነኝ።

የውሃው ነገር ሳይነሣ ከታለፈ ግን የሰፈሩት ሰዎች ሞኞች ይመስላሉ፤ ሞኞች አልነበሩም። አንገቱ ድረስ ውሃ ውስጥ የገባ ሰው እግሩ የሚሸከመው ክብደት ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል፤ ለዓመታት ያልታጠፈ ጉልበት ይታጠፋል። ሙቀቱ የደም ሥርን ያሰፋል፤ የተኮማተረ ጡንቻን ያላላል። ድኝ ያለበት ውሃ ለአንዳንድ የቆዳ በሽታ ይረዳል። በድሮ ዘመን ቂጥኝ የያዘው ሰው ፍል ውሃ መውረዱን ብዙ የተማረ ሰው ስቆበታል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1927 ኦስትሪያዊው ሐኪም ዩልዩስ ቫግነር ያውሬግ የኖቤል ሽልማት ያገኘው አንጎል ድረስ የዘለቀ ቂጥኝ የያዛቸውን ሰዎች ሆን ብሎ ወባ አስይዞ፣ በትኩሳቱ በማከሙ ነው። የቂጥኝ ተሕዋስ ሙቀት አይወድም። ፍል ውሃ ቂጥኝ ያድናል ማለቴ አይደለም፤ ፔኒሲሊን ከመጣ በኋላ ይህ ክርክር አልቋል። ሙቀትን የፈለገው ታማሚ ግን በጭፍን አልፈለገውም።

ጉዳትም አለ። የስምጥ ሸለቆ ፍል ውሃ ብዙው ፍሎራይድ ያበዛል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ የፈቀደው በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ በዚያ አካባቢ ከዚህ ብዙ እጥፍ ያለባቸው ምንጮች አሉ። የአካባቢውን ልጆች ጥርስ ያየ ሰው ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቃል፤ ሲቆይ አጥንት ውስጥ ይገባል። ለመታጠብ የሚበጀው ውሃ ለመጠጥ ይጎዳል፤ «ሆድ ያጥባል» ብሎ በየቀኑ የሚጎነጨው ግን ጥቂት አይደለም። ልቡ ደካማ የሆነ ሰውም በፈላ ገንዳ ውስጥ ሊወድቅ ይችላል።

ከሰፈሩ ወግ ጋር ይህን ያህል ከተስማማሁ በኋላ የሚከራከረኝ አንድ ሰው አለ፤ መጻጉዕ። የዐቢይ ጾም አራተኛ ሳምንት በስሙ ይጠራል። እሱ የተኛባት መጠመቂያ፣ ቤተ ሳይዳ፣ ሩቅ አልነበረችም፤ በኢየሩሳሌም ውስጥ፣ በበጎች በር አጠገብ ነበረች። አምስት መመላለሻ ነበራት፤ ሕመምተኛ ሞልቶባት ነበር። እኔ ያወደስኩት ሰፈር ያ ነው፤ ብዙኃኑ ሕሙማን የሆኑበት። ይህ ሰው 38 ዓመት ታሞ እዚያ ተኝቶ ነበር፤ ውሃው ሲናወጥ የሚያወርደው ሰው አልነበረውም፤ ሁልጊዜ ሌላው ይቀድመው ነበር። ውሃው የሚፈውሰው ቀድሞ የገባውን ብቻ ነው ተብሎ ሲታመን፣ ሕመምተኞች ለሕመምተኛ ባላንጣ ይሆናሉ። ከመጻጉዕ አልጋ እስከ ውሃው ጥቂት እርምጃ ነበር። ከደጋ ወርዶ ዋንዛዬ የደረሰው ሽባ፣ ስንት ተራራ አቋርጦ የመጣው፣ ከእሱ ይልቅ ቅርብ ነበር፤ ተሸካሚ ነበረው። ስለዚህ ሩቅነቱን በኪሎ ሜትር መለካቱ ያሳስታል። ያወደስኩት ሰፈርም በራሱ ደግ አይደለም፤ ውሃው ለሁሉ የሚበቃ ሲሆንና ተራ ሲከበር ብቻ ነው ደግ የሚሆነው። ፍል ውሃ በዚህ ከቤተ ሳይዳ ይሻላል፤ ቀንም ሌሊትም ይፈላል፤ የቀደመው ከኋለኛው ድርሻ ሳያጎድል ይወጣል።

ፍል ውሃና ጠበል አንድ እንዳልሆኑ አንባቢ ያውቃል። ጠበል ይባረካል፣ ስም አለው፣ ብዙውን ጊዜም ብርድ ነው፤ ፍል ውሃ ማንም ሳይባርከው ይሞቃል። ሰዎቹ ግን ብዙ ጊዜ እነዚያው ሰዎች ናቸው፤ ዘንድሮ እዚህ፣ ለከርሞ እዚያ። ስለዚህ በጠበሉ ዘንድ የሆነውን ፍል ውሃው መስማት አለበት። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት በጀመረበት ዘመን ቫይረሱ በደማቸው ያለባቸው ብዙ ሰዎች እንጦጦ ጠበል ሰፍረው ነበር፤ ከእነሱም ክኒኑን ያቆሙ ነበሩ፤ ሁለቱን መቀላቀል እምነት ማጉደል ይመስላቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ፓትርያርኩ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉም መድኃኒቱም አብረው እንዲወሰዱ በይፋ ተናገሩ። ንግግሩ ሰው አዳነ ብል የማጋንን አይመስለኝም።

በሩቁ ፍል ውሃ እንዲህ የሚል ፓትርያርክ የለም። የሳንባ ነቀርሳ ክኒን ጀምሮ ሦስተኛው ወር ላይ «ውሃው ይበቃኛል» የሚል፣ የስኳር መድኃኒቱን ቤት ትቶ የወረደ፣ የደም ግፊት እያለበት ከፈላው ገንዳ የማይወጣ ሰው እዚያ አለ። ጤና ቢሮ የማስጠንቀቂያ ሰሌዳ ቢተክል ማንም አያነበውም፤ ነጭ ጋዋን የለበሰ ወጣት ቢልክም እሱ እዚያ ጤነኛው ነው፣ እንግዳው ነው፤ «አሜን» ብለው ይሸኙታል። የሚሰሙት «አንገትህ ድረስ አትግባ» የምትለውን እናት ነው። ለሦስተኛ ዓመት የተመላለሰች፣ ተራ የምታስይዝ፣ የማን ቁስል መቼ እንደ ደረቀ የምታውቅ ናት። ለአንድ ምንጭ እንዲህ ያሉ አራት አምስት ሰዎች አይጠፉም። በምክራቸው ላይ ሁለት ዐረፍተ ነገር እንዲጨምሩ፣ ክኒንህን አትጣል፣ ውሃውን አትጠጣው እንዲሉ ማሳመን ሆቴል ከመሥራት ይረክሳል። ለዚያ ግን ጤና ቢሮው ራሱ ሰው ልኮ፣ ታጥቦ፣ ሰፍሮ፣ ምን እንደሚያመው ተጠይቆ መመለስ ይኖርበታል።